የአጋዘኑ ነጥብና የገማቹ ስህተት

አዳኝ የግዳዩን ትልቅነት ለማስመስከር ያልጣረበት ዘመን የለም። በአገራችንም ዝሆን ወይም አንበሳ የጣለ ሰው በአለቃው ፊት እየፎከረ ግዳዩን ያቀርብ፣ በዚያም ክብርና ሽልማት ያገኝ ነበር። በዚያ ሥርዓት የሚጠየቀው «ምን ገደለ?» ተብሎ እንጂ «ስንት ኢንች ገደለ?» ተብሎ አልነበረም። ግዳይን በሜትር ለክቶ፣ ደምሮና ቀንሶ፣ በመጨረሻም በአንድ ቁጥር አጠቃሎ በመዝገብ የማስፈር ልማድ የተስፋፋው ባለፉት መቶ ሠላሳ ዓመታት ገደማ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ነው። ከዚህ ልማድ ውስጥ እጅግ ረቂቅ ከሆኑት አንዱ ሚዩል ዲር ለተባለው የሰሜን አሜሪካ እንስሳ ቀንድ የሚሰጠው ነጥብ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አደንን ማወደስም ሆነ ማውገዝ አይደለም። ጽሑፉ የሚከራከረው ስለ ልኬት ነው። አንድ አዳኝ ከሩቅ ሆኖ «ይህ ወንድ 190 ነጥብ ይሆናል» ብሎ ሲፈርድ የእንስሳውን ሞት የሚወስን ቁጥር ተናግሯል። ቁጥሩ ከነስህተቱ መጠን ካልተነገረ ግን ቁጥር መሆኑ ብቻ ሳይንሳዊ አያደርገውም። ከዚህም አልፎ፣ ግምቱ ትክክል ቢሆን እንኳ፣ ነጥብ ለእንዲህ ያለው ውሳኔ ተገቢው መስፈርት አይደለም፤ ተገቢው መስፈርት ዕድሜ ነው።

እንስሳውና ቀንዱ

ሚዩል ዲር የሚኖረው ከምዕራብ ካናዳ እስከ ሜክሲኮ በተዘረጋው ተራራማና ደረቅ ምድር ነው። «ሚዩል» በእንግሊዝኛ በቅሎ ማለት ሲሆን፣ እንስሳው ስሙን ያገኘው የበቅሎ ከሚመስሉት ረጃጅም ጆሮዎቹ ነው። እኛ በልማድ የዚህን ወገን እንስሳት ሁሉ «አጋዘን» ብለን እንጠራለን። ይሁን እንጂ የአገራችን አጋዘኖች ከከብት፣ ከበግና ከፍየል ቤተሰብ የሚመደቡ ናቸው። ሚዩል ዲር የሚገኝበት ቤተሰብ ግን በአፍሪካ በተፈጥሮ የሚኖር ወኪል ያለው በአህጉሩ ሰሜናዊ ጫፍ ብቻ ነው።

ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም። የእኛ አጋዘን ቀንድ ውስጡ አጥንት፣ ውጪው ጥፍር ከሚሠራበት ከኬራቲን የተሠራ ሽፋን ሲሆን እንስሳው እስኪሞት ድረስ አይወልቅም። የሚዩል ዲር ቀንድ ግን ሁለንተናው አጥንት ነው። በብርዱ ወራት፣ ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ውስጥ ይወልቅና ከሚያዝያ ጀምሮ እንደገና ይበቅላል። በእድገቱ ወራት ደም ሥር ባለው ጠጉራም ቆዳ ተሸፍኖ ይቆያል፤ በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም ቆዳው ተልጦ የደረቀው አጥንት ይገለጣል። በእንስሳት ዓለም ከሚታወቁት ፈጣን እድገቶች አንዱ ይህ ነው። ስለሆነም የአንድ ዓመት ቀንድ የዚያን ዓመት ግጦሽ፣ የእንስሳውን ዕድሜና የዘሩን ውርስ በአንድነት ይዞ ይወጣል። አንድ ወንድ ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ሲሞላው ቀንዱ አብዛኛውን ጊዜ ከፍተኛ መጠኑ ላይ ይደርሳል።

ነጥቡ እንዴት ይሰላል?

ዛሬ በሰፊው የሚሠራበትን የልኬት ሥርዓት ያወጣው ቡን ኤንድ ክሮኬት ክለብ ነው። ክለቡን እ.ኤ.አ. በ1887 የመሠረቱት፣ በኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆኑት ቴዎዶር ሩዝቬልትና የተፈጥሮ ጥናት ሊቁ ጆርጅ በርድ ግሪኔል ናቸው። በዚያን ጊዜ ለገበያ በሚደረግ አደን ምክንያት የአህጉሩ ትልልቅ እንስሳት እየተመናመኑ ነበርና፣ የሚጠፉትን እንስሳት መጠን መዝግቦ ማቆየት ለሳይንስ የሚበጅ ተግባር ተደርጎ ይታይ ነበር። የክለቡ የመጀመሪያ የመዝገብ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1932 ታተመ፤ አሁን የሚሠራበት የነጥብ ሥርዓት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1950 ጸደቀ።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። የእያንዳንዱ ቀንድ ዋና ግንድ ርዝመት ይለካል። ከግንዱ የሚወጡት አራቱ ቅርንጫፎች ርዝመት ይለካል። በግንዱና በቅርንጫፎቹ ላይ በተወሰኑ አራት ቦታዎች ዙሪያው ይለካል። በመጨረሻ በሁለቱ ግንዶች መካከል ያለው ውስጣዊ ስፋት ይጨመራል፤ ይኸውም ከረጅሙ ግንድ ርዝመት እስካልበለጠ ድረስ ነው። በድምሩ 19 ልኬቶች ሲሆኑ ሁሉም በኢንች ስምንተኛ ተከፍለው ይመዘገባሉ። ከዚያም የግራና የቀኙ ልዩነት ይቀነሳል።

ለአብነት የአንድ ወንድ ግራ ቀንድ ግንዱ 25 ኢንች፣ አራቱ ቅርንጫፎቹ 2፣ 17፣ 11 እና 12 ኢንች፣ የአራቱ ዙሪያዎች ድምር 17 ኢንች ነው እንበል፤ ጠቅላላው 84 ይሆናል። የቀኙ ግንድ 24፣ ቅርንጫፎቹ 2፣ 15፣ 11 እና 11፣ ዙሪያዎቹ እያንዳንዳቸው ከግራው ጋር እኩል ሆነው ድምራቸው 17 ከሆነ 80 ይመጣል። ውስጣዊ ስፋቱ 24 ቢሆን ጥቅል ነጥቡ 188 ነው። የግራና የቀኙ ልዩነት ግን 4 ኢንች ስለሆነ የተጣራው ነጥብ 184 ይሆናል።

በዚህ ሥርዓት ቅርጹ ወጥ የሆነ ሚዩል ዲር በክለቡ ቋሚ መዝገብ ለመግባት ቢያንስ 190 ነጥብ ያስፈልገዋል፤ በየሦስት ዓመቱ ለሚታተመው መዝገብ 180 ይበቃዋል። ከሥርዓቱ ውጪ ብዙ ቅርንጫፍ ላወጡት ደግሞ ቋሚው መለኪያ 230 ነው። ከወጦቹ መካከል ለአሥርታት ቀዳሚ ሆኖ የቆየው እ.ኤ.አ. በ1972 በኮሎራዶ ግዛት የተገደለው ባለ 226 ተኩል ነው። ከወጣ ገባዎቹ መካከል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1926 በካናዳ አልበርታ የተገደለው 355 ከሩብ ነጥብ አለው። ይፋዊው ልኬት የሚወሰደው ቀንዱ ቢያንስ 60 ቀን ከደረቀ በኋላ ነው፤ አጥንቱ ሲደርቅ ይኮማተራልና። እንግዲህ ለሞተው እንስሳ ይህን ያህል ጥንቃቄ ይደረጋል። በሕይወት ላለው ግን የሚበቃው አንዳንድ ጊዜ የጥቂት ሰኮንዶች እይታ ነው።

ጆሮ እንደ ማስመሪያ

አዳኙ ከመቶዎች ሜትር ርቀት ሆኖ በአጉሊ መነጽር ሲመለከት ሜትር የለውም። ስለዚህ የእንስሳውን አካል እንደ ማስመሪያ ይጠቀማል። የተለመደው ማስመሪያ ጆሮው ነው፤ የነቃ ሚዩል ዲር ጆሮዎቹን ዘርግቶ ሲቆም ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ20 እስከ 22 ኢንች ገደማ ይሆናል። ቀንዱ በሁለቱም በኩል ከጆሮዎቹ ጫፍ ሁለት ሁለት ኢንች ካለፈ፣ የውጪው ስፋት 24 ወይም 26 ኢንች ነው ተብሎ ይገመታል። የቅርንጫፎቹም ርዝመት በአንድ ጆሮ ርዝመት ይመዘናል።

ዘዴው ብልሃት ያለበት ነው፤ ነገር ግን ሁለት ዓይነት ስህተቶችን በአንድ ከረጢት ይከታል። የመጀመሪያው ድንገተኛ ስህተት ነው፤ አንዱን ቅርንጫፍ በግማሽ ኢንች አስበልጠን፣ ሌላውን በግማሽ ኢንች አሳንሰን እንገምታለን። በ19 ልኬቶች ላይ የግማሽ ኢንች ድንገተኛ ስህተት ቢኖር ስህተቶቹ እርስ በርስ ስለሚጣፉ በድምሩ ላይ የሚቀረው ግማሹ በ19 ካሬ ሥር ሲባዛ የሚገኘው ነው፤ ይኸውም 2 ነጥብ ገደማ ነው። ይህ የሚናቅ ነው።

ሁለተኛው ግን ወደ አንድ ወገን ያደላ ስህተት ነው። ሁሉም ልኬቶች በግማሽ ኢንች ወደ ላይ ቢያደሉ በድምሩ 9 ተኩል ነጥብ ይሆናል፤ እዚህ ላይ መጣፋት የለም። ችግሩ ያለውም በማስመሪያው ነው። አዳኙ የጆሮዎቹን ስፋት 22 ኢንች ነው ብሎ ሲያስብ በእርግጥ 20 ቢሆን፣ በዚያ ማስመሪያ የለካው ሁሉ በአሥር በመቶ ይጋነናል። እውነተኛ ነጥቡ 180 የሆነው ወንድ 198 ሆኖ ይገመታል። ጆሮው ደግሞ ከእንስሳ እንስሳ ይለያያል፤ አንዱ ጆሮውን ወደ ኋላ ያዘነብላል፣ ሌላው ጭንቅላቱን ወደ ጎን ያዞራል። ስለሆነም «ብዙ ልኬት ስለደመርኩ ስህተቴ ተጣፍቷል» የሚለው መጽናኛ የሚሠራው ለመጀመሪያው ዓይነት ስህተት ብቻ ነው። የማስመሪያ ስህተት በድግግሞሽ አይታረምም።

የሞተው ለምን ያንሳል?

በአዳኞች ዘንድ በሰፊው የሚነገር አንድ ቅሬታ አለ፤ ቆሞ ሳለ ግዙፍ የነበረው እንስሳ ወድቆ ሲቀርቡት ያንሳል ይላሉ። ብዙዎች ይህን በጉጉት ያመካኙታል። ጉጉት ድርሻ እንዳለው አይካድም። ነገር ግን ፈጽሞ የማይጓጓ፣ ወደ የትኛውም ወገን የማያደላ ገማች እንኳ ከዚህ አያመልጥም። ምክንያቱ የስሌት ነው።

ለማስረጃ ያህል ይህን ምናባዊ ተራራ እንመልከት። በተራራው ላይ እውነተኛ ነጥባቸው 175 የሆነ 100 ወንዶችና 190 የሆነ 6 ወንዶች አሉ እንበል፤ ትልልቆቹ ሁልጊዜ ጥቂት ናቸውና። አዳኙ የሚገምተው ያለ አድልዎ ሲሆን፣ ከሦስት ግምቶቹ ሁለቱ ያህል ከእውነቱ በ10 ነጥብ ክልል ውስጥ ያርፋሉ። የሚተኩሰውም «190 ወይም ከዚያ በላይ» ብሎ በገመተው ላይ ብቻ ነው። በደወል ቅርጹ የስርጭት ሕግ መሠረት ከ100ዎቹ ባለ 175 ወንዶች 7 ያህሉ በስህተት ከ190 በላይ ሆነው ይታያሉ። ከ6ቱ ባለ 190 ወንዶች ደግሞ በአማካይ 3ቱ መስፈርቱን ያልፋሉ። ስለዚህ «ባለ 190» ተብለው ሊገደሉ ከሚችሉት አሥር እንስሳት ሰባቱ በእርግጥ ባለ 175 ናቸው ማለት ነው።

ገማቹ በዚህ ምሳሌ አላዳላም፤ ያዳላው ምርጫው ነው። ከፍ ያለ ግምት ያገኘውን ብቻ ስንመርጥ ከእንስሶቹ ትልልቆቹን ብቻ ሳይሆን ከስህተቶቻችንም ትልልቆቹን አብረን እንመርጣለን። ይህ ሕግ በአደን ብቻ አይወሰንም። በፈተና ከፍተኛ ውጤት ያመጡትን ብቻ መርጦ በሁለተኛው ፈተና ሲወርዱ የሚደነቅ መምህርም ሆነ፣ በአንድ የሙከራ ማሳ እጅግ ብዙ ያፈራውን ዘር መርጦ በሚቀጥለው ዓመት የሚያዝን ተመራማሪ የሚገናኙት ከዚሁ ሕግ ጋር ነው። ልዩነቱ ተማሪው ዳግም ሊፈተን፣ ዘሩም ዳግም ሊዘራ መቻሉ ነው። ጥይት ግን የፈሰሰ ውኃ ነው፤ አይታፈስም።

ከዚህ የሚወጣው ተግባራዊ ምክር ግልጽ ነው። ግምት በአንድ ቁጥር ሳይሆን በክልል ይነገር፤ «190» ከማለት «ከ175 እስከ 195» ማለት ይሻላል። አዳኙም በውሳኔው ላይ ከሁሉ በፊት ሊያስብ የሚገባው የዚያን አካባቢ የተለመደ መጠን ነው። ባለ 190 ብርቅ በሆነበት ተራራ ላይ «190 አየሁ» የሚል ዓይን ከሁሉ አስቀድሞ ራሱን ሊጠራጠር ይገባዋል።

ነጥቡ የማይነግረን

ግምቱ ፍጹም ትክክል ቢሆንስ? በእኔ አስተያየት ያኔም ቢሆን ነጥቡ የሚገባውን አይለካም። የግራና የቀኝ ልዩነት መቀነሱን እንውሰድ። አንድ ወንድ በኅዳር የእርቢ ወቅት ከተቀናቃኙ ጋር ሲታገል አንዱ ቅርንጫፉ 5 ኢንች ቢሰበር ነጥቡ የሚቀንሰው በ5 ሳይሆን በ10 ነው፤ አንድ ጊዜ ከድምሩ፣ ሌላ ጊዜ በልዩነት ቅናሹ። ስለ ሴት ታግሎ ዘሩን ለማስተላለፍ የቻለው ወንድ፣ ካልታገለው ያነሰ ዋጋ ያገኛል ማለት ነው። እዚህ ላይ የሚመዘነው የእንስሳው ብርታት ሳይሆን የሰው የውበት ምርጫ ነው። ሳፋሪ ክለብ ኢንተርናሽናል የተባለው ሌላው ድርጅት ይህን ቅናሽ አለማድረጉም ነጥብ የተፈጥሮ ሕግ ሳይሆን የስምምነት ጉዳይ መሆኑን ያሳያል።

ይሁን እንጂ ለተቃራኒው ወገን ተገቢውን እውቅና መስጠት ያስፈልጋል። የነጥብ መዝገቦች ለሳይንስ ጠቅመዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ ጥናት በክለቡ መዝገብ ከሰፈሩት ከ22,000 በላይ ትሮፊዎች ተነሥቶ ከ1900 እስከ 2008 ባለው ጊዜ የብዙዎቹ ዝርያዎች ቀንድ መጠነኛ ቅናሽ ማሳየቱን ዘግቧል። አጥኚዎቹ እንደ ዋነኛ ምክንያት የጠረጠሩት ወንዶች በብዛት ስለሚታደኑ ወደ ሙሉ ዕድሜያቸው አለመድረሳቸውን ነው። ቀደም ሲል እ.ኤ.አ. በ2003 ኔቸር በተሰኘው መጽሔት የወጣ ጥናት በአልበርታ ራም ማውንቴን በሚኖሩ የዱር በጎች ላይ ተደርጎ፣ ቀንዳቸው ፈጥኖ የሚያድገው ወንዶች ከመራባታቸው በፊት ስለሚገደሉ የመንጋው ቀንድ በትውልድ እያነሰ መሄዱን አመልክቷል። የውጤቱ መጠንና ምክንያት እስካሁን የሊቃውንት ክርክር አልተለየውም። የጋራው ማስጠንቀቂያ ግን አንድ ነው፤ አንድ መለኪያ ግብ ሲሆን የሚለካውን ነገር ራሱን ይለውጠዋል።

ገንዘቡም ቀላል አይደለም። በዩታ ግዛት በታላቁ የጨው ሐይቅ ውስጥ በሚገኘው አንቴሎፕ ደሴት አንድ ሚዩል ዲር የማደን ፈቃድ በተለያዩ ዓመታት በጨረታ ከ300,000 ዶላር በላይ ተሽጧል። ከእንዲህ ያለው ሽያጭ የሚገኝ ገንዘብ ለእንስሳትና ለመኖሪያቸው ጥበቃ እንደሚውል ደጋፊዎቹ ያስረዳሉ፤ ክርክራቸውም ክብደት አለው። ሆኖም ገንዘቡን የሚስበው ነጥብ ከሆነ፣ ውሳኔውን የሚመራው የግድ ነጥብ መሆን አለበት ማለት አይደለም።

ለእኛስ?

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ነገር መስሎ ለሚታየው አንባቢ የአሥር ሳንቲማችንን ጀርባ ማስታወስ ይበቃል። እዚያ ላይ የተቀረጸው የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ በየትም የማይገኝ፣ በባሌና በአርሲ ተራሮች የሚኖር፣ በዓለም አቀፍ ደረጃ ለመጥፋት አደጋ ከተጋለጡት ተርታ የተመደበ እንስሳ ነው። ስለ ጠቅላላ ቁጥሩ የተሰጡት ግምቶች ከ1,500 እስከ 4,000 ይደርሳሉ። ለሳይንስ የተዋወቀውም በግዳይ በኩል ነበር፤ አይቮር በክስተን እ.ኤ.አ. በ1908 ከገደለው ናሙና ተነሥቶ ሪቻርድ ላይደከር በ1910 ስያሜ ሰጠው። በባሌና በአርሲ አካባቢ በተከለሉ የአደን ቀበሌዎች በፈቃድ የሚታደንም፣ ቀንዱም በዓለም አቀፍ መዝገቦች በኢንች የሚሰፍር እንስሳ ነው።

የደጋ አጋዘን ቀንድ ቅርንጫፍ የለውም፤ የተጠመዘዘ ነው፤ ርዝመቱም የሚለካው ጥምዝን ተከትሎ ነው። ከሩቅ የሚታየው ግን ከሥር እስከ ጫፍ ያለው ቀጥተኛ ርቀት ነው። ጥምዙ ምን ያህል እንደሰፋ ከአንድ ማዕዘን ተመልክቶ ማወቅ ስለሚያስቸግር የግምቱ ስህተት ከሚዩል ዲር የሚያንስ አይመስለኝም። በተጨማሪም ይህ ቀንድ በየዓመቱ የሚታደስ ባለመሆኑ ጫፉ በጊዜ ብዛት ይበላል፤ ዘሩን አስተላልፎ የጨረሰው ሽማግሌ በሙሉ ጉልበቱ ላይ ካለው ጎልማሳ ያነሰ ልኬት ሊኖረው ይችላል። ርዝመትን ብቻ የሚያይ አዳኝ እንግዲህ ሽማግሌውን ትቶ ጎልማሳውን ይመርጣል። ብዛቱ በሺዎች በሚቆጠር፣ በተበጣጠሱ ደኖች ተከፋፍሎ በሚኖር ዝርያ ላይ እንዲህ ያለው ምርጫ ቀላል ጉዳት አይደለም።

ስለሆነም ሦስት ነገሮች ሊደረጉ ይገባል ብዬ አምናለሁ። አንደኛ፣ በመስክ የሚሰጥ ግምት ሁሉ በክልል ይነገር፤ ከተገደለም በኋላ ግምቱና ትክክለኛው ልኬት ጎን ለጎን ይመዝገቡ። ይህ ካልተደረገ ማንም ገማች የራሱን አድልዎ ሊያውቅ አይችልም። ሁለተኛ፣ የመተኮስ ውሳኔ በሰውነት ቅርጽ፣ በአንገት ውፍረት፣ በጠጉር ቀለምና በአረማመድ ከሚታወቀው ዕድሜ ይጀምር፤ ቀንዱ ከዚያ ቀጥሎ ይምጣ። ሦስተኛ፣ ከእያንዳንዱ ግዳይ ከቀንዱ ልኬት ጋር ጥርሱም ለምርመራ ይቅረብ። በሚዩል ዲር የጥርስ ሥር ላይ በየዓመቱ የሚጨመረውን ንብብር በአጉሊ መነጽር ቆጥሮ ዕድሜን ማወቅ የተለመደ ነው። በእኛም እንስሳት ላይ ተመሳሳይ ዘዴ መፈተሽ ለሥነ ሕይወት ተማሪዎቻችን ጥሩ የምርምር ርዕስ ይሆናል።

ነጥብ የተፈጠረው የሚጠፋን እንስሳ ለማስታወስ ነበር። ቁጥሩ ከነስህተቱ እስካልተነገረ፣ አጠገቡም ዕድሜና የመንጋው ሁኔታ እስካልተጻፈ ድረስ ስለ እንስሳው የሚነግረን ጥቂት ነው። ግድግዳ ላይ ለሚሰቀለው ቀንድ የ60 ቀን ጥንቃቄ ከተገባው፣ ተራራው ላይ ለቆመው ሕያው ወንድ ቢያንስ «ምን ያህል ልሳሳት እችላለሁ?» የሚለው ጥያቄ ይገባዋል።